አንድ መስመር ተኩል

መጽሐፉ ላይ ያለን አንድ መስመር ተኩል ነው፦
«ፖርቶ አልሜንድራ፤ ከወንዙ ዳር ያለች፣
ቀድሞ ሥጋ በቆርቆሮ ታሽግ የነበረች።»
በቃ። ገጹ ይገለበጣል።
ሞንቴቪዴዮ ስድስት ገጽ ሙሉ ይቀጥላል።

ሃያ ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ሦስተኛ ክፍል፣
ነጭ ሽርጥ የለበሱ፣ ሰማያዊ ሪባናቸው እስከ ረፋድ የሚፈታ።
«መምህርት፣ እኛስ የት አለን?» አለችኝ ማይቴ፣
ጣቷን መስመሩ ላይ እንዳሳረፈች።
መልስ ያጣሁት እኔ ነኝ፤ እሷ ግን ጠበቀች።

ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። የመዝገብ ቤቱ ሹም ዋሺንግተን
(አባቱ ያወጡለት ስም ነው፣ ከዚህ ወንዝ ወዲያ አያውቅም)
ማቴውን በብር ቧንቧ እየመጠጠ፦
«ምድር ቤቱን» አለኝ፣ «ጎርፉ በላው፤
ከጎርፍ የተረፈውን አይጥ ተካፈለው።»
ቁልፉን ግን ሰጠኝ።
ሦስት ቅዳሜ ሻጋታ ስምግ ከረምኩ፤
የውሻ ግብር ደረሰኝ አገኘሁ፣
ለከንቲባው ሚስት የተገዛ የአበባ ጉንጉን ሒሳብ፣
(ሴትዮዋ አልሞቱም፣ ልደታቸው ነበር)
የድልድይ ንድፍ፤ ድልድዩ እስከ ዛሬ የለም።

ለዋናው ቤተ መዛግብት ደብዳቤ ጻፍኩ።
በአራተኛው ወር መልስ መጣ፦
«የጥናትዎን ዓላማ በሦስት ቅጂ ይግለጹ።»
ዓላማዬ?
ስምንት ዓመቷ ነው። የፊት ጥርሷ ወልቋል።

ያኔ ተስፋ ቆርጬ ይሁን ደክሞኝ፣ እንጃ፣
«ከየቤታችሁ አንድ አሮጌ ዕቃ አምጡ» አልኳቸው፣
«ስለ እሱ የሚያወራ ሰው ያለው።»
ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ ገበያ መሰለ፦
ቀይ በሬ የተሣለበት ጣሳ፣
ተስሎ ተስሎ እንደ ሣር የቀጠነ ቢላ፣
አንድ እግር የጎማ ቦቲ፤ ሌላው እግር ወንዝ የወሰደው።
ናዛሬኖ ባዶ እጁን መጣ።
«የፋብሪካው ጥሪ እንዲህ ነበር፣ አያቴ ናት ያስጠናችኝ» ብሎ
አፉን በመዳፉ ከልሎ ጮኸ፤ ጎረቤት ያለው ክፍል ሁሉ ዝም አለ።

ብራውሊዮ ግን ደብተር አመጣ፣ በትራስ ልብስ የተጠቀለለ።
ቅድመ አያቱ የበሩ ተቆጣጣሪ ነበሩ፤
የእጅ ጽሑፋቸው እንደ ጥልፍ።
ስም፣ የገቡበት ሰዓት፣ የቀን ሒሳብ።
ከዚያ አንድ ክረምት ላይ፣ አርባ አንድ ስም፣
በእያንዳንዱ ራስጌ ቀይ መስቀል፣
ከግርጌው፦ «አድመዋል። ከእንግዲህ እንዳይገቡ።»

ማይቴ በጣቷ ታነባለች፣ እንደ ልማዷ፣ ቀስ ብላ።
አሥራ ሰባተኛው ላይ ጣቷ ቆመ።
ኤውላሊያ ሶሪያ። ጣሳ አጣቢ። መስቀል።
«ይሄ የእኛ ቤት ስም ነው።»

ብራውሊዮ ጆሮው ድረስ ቀላ፣
ደብተሩን ሊከድን እጁን ሰደደ።
እኔስ? ዓመት ሙሉ የፈለግኩት
ደጄ ድረስ ሲመጣ ፈራሁት።
ሥርዓተ ትምህርቱ ለዚህ ቃል የለውም፤
ለሦስተኛ ክፍል «ወንዞችና ሰንደቅ ዓላማ» ይላል።

«አትክደነው» አለች። «ስንት ሰዓት ትገባ ነበር?»
እሱ አገላበጠ። «ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት።»
«ሁልጊዜ?»
«ሁልጊዜ... አይ፣ አንድ ቀን ዘግይታለች። አርባ ደቂቃ።»
«ለምን?»
ገጹን ወደ መስኮቱ አዞረው፣ ብርሃን ይረዳው ይመስል።
«አልተጻፈም።»

ሁለቱም ቀና ብለው እኔን አዩኝ።
እኔም አላውቅም። አላውቅም አልኳቸው።
ጠመኔ አነሣሁና ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፦
ኤውላሊያ ያን ቀን ለምን ዘገየች?

ሐሙስ ዶኛ ፔትሮና ቤት እንሄዳለን፤
ዘጠና አራት ዓመታቸው ነው፣ ያኔ ጣሳ አጣቢ ነበሩ።
ይሰሙን እንደሆነ እንጃ።
ውሻቸው ይናከሳል፤
ብስኩት መያዝ አለብን።